820 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

ሰሞኑን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ነገርየው ሁለት ኤርፖርት ነው። አንደኛው ኢቃሉዊት፣ ካናዳ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባፊን ደሴት ላይ። ሌላኛው ኑክ፣ የግሪንላንድ ዋና ከተማ። ሁለቱም 64ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው፣ ማለትም ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ መሀላቸው ዴቪስ ስትሬት የሚሉት በረዶ የሚንሳፈፍበት ባሕር አለ፣ እና ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጥታ መስመር ብትስቡ ወደ 820 ኪሎ ሜትር ነው። በቃ 820። ርቀት የሚያሰሉት ዌብሳይቶች ላይ ሁለቱን ስም ብታስገቡ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ብለው ይመልሱላችኋል። አሰራራቸውም እንዲህ ነው፣ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ምናምን ያካፍሉታል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይደምሩበታል፣ አለቀ። በዛ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳያቸው አይደለም።

የኔ ጉዳይ ግን እሱ ነው፣ ምክንያቱም እንጀራዬ ትኬት ነው። ቢሯችን መጀመሪያ ፒያሳ ነበር፣ ፒያሳ ሲፈርስ ካዛንቺስ ገባን፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ደሞ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ተጠግተናል (ቀጥሎ የቱ ሰፈር እንደሆነ የሰማ ካለ ቀደም ብሎ ይንገረን)። እና ቀኑን ሙሉ የምሰራው ስራ ሰው "እዚህ ልሂድ" ሲለኝ በየት በየት አዙሬ እንደማደርሰው መፈለግ ነው።

ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ኢቃሉዊት ታክሲ ይነዳል። አዎ እዛም ሀበሻ አለ፣ አትደነቁ። መጀመሪያ ቶሮንቶ ነበር፣ ጓደኛው ሰሜን ስራ አለ ብሎ ጠራው፣ ሄደ፣ ይኸው ቀረ። እሱ ሲያወራ በጣም የሚገርመኝ ነገር ከተማዋ ታክሲ አላት ግን ከከተማዋ የሚያስወጣ መንገድ የላትም። መኪናው ይሄዳል ይሄዳልና መንገዱ ያልቃል፣ እንደውም የትም የማያደርስ መንገድ ብለው ስም ያወጡለት መንገድ አላቸው። ኑናቩት የሚባለው ግዛት ጠቅላላ እንደዚ ነው፣ ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው መሬት፣ 25 መንደርና ከተማ አለው፣ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፣ እና በ2021 ሲቆጠሩ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ) ነዋሪዎቹ 37 ሺህ እንኳን አልሞሉም። ሁሉንም ጠርታችሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ብታስገቧቸው ምናልባት ጥቂቱ ቆሞ ያይ እንደሆን ነው። ስለዚህ እዛ አውሮፕላን ማለት ቅንጦት አይደለም፣ ሐኪም ቤት መሄጃው እሱ ነው፣ ወተትና ቲማቲም የሚመጣው በሱ ነው። ከባዱ እቃ ደሞ በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲከፈት በአጭሯ በጋቸው በመርከብ ይገባል።

ታዲያ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። "ስማ የትኬት ሰው፣ ኑክ እኮ ባሕሩን ተሻግሮ ማዶ ነው፣ እዚህ የማመላልሳቸው ኢኑዊቶች፣ የአርክቲኩ ነባር ሕዝብ፣ እዛ ዘመድ አለን ይሉኛል፣ እረፍት ወስጄ ላያት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ልብ በሉ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው አላለኝም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኪሎ ሜትር አይጠይቅም። ከሜክሲኮ መገናኛ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ከናንተ መሀል ስንቱ ያውቃል? ጠዋት ይሄን ያህል፣ እሁድ ይሄን ያህል፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደሞ ባትመጣ ይሻላል፣ ይሄ ነው መልሱ።

እኛ ሕንጻ ስር የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ አለ፣ መስኮቱ ላይ ለተማሪ የሚሸጡ ሉሎች ደርድረዋል። የሱቁን ልጅ አስፈቅጄ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን አወረድኩና ክር ተቀብዬው ከኢቃሉዊት እስከ ኑክ ዘረጋሁት። ክሩ 2 ሴንቲ ሜትር አልሞላም። ጣቴ ይሸፍነዋል። ከዛ ቀጥታ በረራ በሌለበት ጊዜ ሰው በትክክል የሚሄድበትን መንገድ ዘረጋሁ። ከኢቃሉዊት ወደ ደቡብ ኦታዋ፣ እሱ ብቻውን 2,100 ኪሎ ሜትር ነው። ከኦታዋ ቶሮንቶ፣ አጭር ናት። ከቶሮንቶ አትላንቲክን ተሻግሮ አይስላንድ፣ 4,200 ምናምን። ከአይስላንድ ደሞ ወደ ኋላ ወደ ምዕራብ ተመልሶ ግሪንላንድን አቋርጦ ኑክ፣ ሌላ 1,400። ደምሩት፣ 8,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ክሩ 19 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሱቁ ልጅ አየኝና "ጋሼ በዚህ በኩል እኮ ይቀርባል" አለኝ፣ በጣቱ ባሕሯን እያሳየ። እኔም አውቃለሁ ወንድሜ።

አስር እጥፍ ማለት ነው። እና ይሄ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ከ2012 ጀምሮ ለጥቂት ዓመት በበጋ በበጋ የሚበር ቀጥታ በረራ ነበር፣ አላዋጣ ብሎ ቆመ፣ ከዛ ብዙ ዓመት ምንም። በሰኔ 2024 (በፈረንጅ) ኤር ግሪንላንድና ካናዲያን ኖርዝ ተባብረው እንደገና ጀመሩት፣ በሳምንት አንዴ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ። የነሱ በጋ የኛ ክረምት መሆኑን አትርሱ። እና ለአክስቴ ልጅ ስንት ሰዓት ነው ላለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ "መቼ?" የሚል ነው። በረራው ባለበት ወቅት፣ በረራው ባለበት ቀን፣ ሰማዩ ደህና ከሆነ 2 ሰዓት የማይሞላ። ያ ቀን ካመለጠህ ደሞ አንድ ሳምንት። ወቅቱ ካመለጠህ፣ ወይ በ8,000 ኪሎ ሜትሩ ትዞራለህ ወይ እስከሚቀጥለው በጋ ሻይህን ትጠጣለህ።

እሺ አውሮፕላኑ ላይ ትንሽ ላውራ፣ እዚህ ጋ እኔን ማቋረጥ ከባድ ነው። በመስመሩ ላይ የሚበረው ዳሽ 8 ነው፣ ባለ ፕሮፔለር፣ 37 ሰው የሚይዘው ሞዴል። እና ይሄ አውሮፕላን ለኛ ባዕድ አይደለም፣ ከቦሌ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጅማ የሚያደርሰን ኪው 400 የሱ ታናሽ ነው፣ ወገቡ የረዘመ ሞተሩ የጠነከረ ታናሽ፣ ሁለቱም የካናዳው የደ ሀቪላንድ ዘር ናቸው። የኛ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ኪው 400 የተቀበለው በ2010 ነው። የኛው በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሄድ ታላቁ ዳሽ 8 ወደ 500 ምናምን ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዌብሳይቱ በጄት ፍጥነት ያሰላት 1 ሰዓት ተኩል እዚህ ጋ ትሰበራለች፣ 1 ሰዓት ከ50 አካባቢ በሉ፣ ንፋሱ ከፊት ከመጣ ደሞ ጨምሩበት።

ካርታም ሌላ ጣጣ ነው። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ያለው ትልቁ የዓለም ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች፣ እውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ትበልጣታለች፣ ግሪንላንድ የኢትዮጵያ እጥፍ አካባቢ ነው ስፋቷ። ወደ ዋልታው በተጠጋችሁ ቁጥር የቁም መስመሮቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፣ ካርታው ግን በግድ አራርቆ ይስላቸዋል። በኢቃሉዊትና በኑክ መሀል ወደ 17 ዲግሪ አለ። እነሱ ጋ አንድ ዲግሪ 49 ኪሎ ሜትር ናት፣ እኛ ጋ 110። ያንኑ 17 ዲግሪ ከቦሌ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምዕራብ ብትበሩት ደቡብ ሱዳንን ጨርሳችሁ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ትገባላችሁ፣ 1,850 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ነው ካርታ አይቶ "ኧረ ይሄ ሩቅ ነው" ያለኝን ደንበኛ ሁሉ ወደ ሉሉ የምወስደው፣ የሱቁ ልጅ ይማረርብኛል እንጂ።

ከሁሉም በላይ የሚያዝናናው ግን ሰዓቱ ነው። በበጋቸው ኑክ ከኢቃሉዊት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ለምሳሌ ከኢቃሉዊት በነሱ እኩለ ቀን፣ በኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ ተነሳህ እንበል። 1 ሰዓት ከ50 በረርክ፣ ስትደርስ ኑክ ላይ 10 ሰዓት ከ50 ነው፣ ትኬቱን ያየ ሰው 5 ሰዓት ሊሞላ የቀረበ ጉዞ ይመስለዋል። ስትመለስ ደሞ ከኑክ 6 ሰዓት ላይ ተነስተህ ኢቃሉዊት የምትደርሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ነው። ከመነሳትህ በፊት ደረስክ። ትኬት ላይ እንዲህ ሲወጣ ስንቱ ደንበኛ "ተሳስተሃል አስተካክለው" ብሎ ተጣልቶኛል መሰላችሁ፣ በተለይ ሰዓቱ በፈረንጅ ተጽፎ እሱ በኛ ሲያነበው፣ ወይ እኔ በኛ ስነግረው እሱ በፈረንጅ ሲሰማው። 6 ሰዓት ያልኩትን ማለዳ 12 ሰዓት አድርጎ ወስዶ ቦሌ ላይ ሲንቀዋለል የዋለ አለ። እኔ አሁን ሁለቱንም ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

እቴቴ፣ የልጁ እናት ማለቴ ነው፣ አራት ኪሎ ነው የምትኖረው፣ ከጊዮርጊስ ስትመለስ ቢሮ ብቅ ትላለች። ነጠላዋን እያስተካከለች ተቀመጠችና "ልጄ ምን ጠየቀህ?" አለችኝ፣ የሰዓቱን ነገር ነገርኳት።

"ሲመለስ ሳይነሳ ይደርሳል ነው የምትለኝ?"

"አዎ እቴቴ፣ በሰዓት ልዩነት ነው።"

"እንዲህማ ከሆነ እኔንም ቁረጥልኝ፣ ጉልበቴ ወደ ኋላ ይመለስልኛል።"

የሳቀችው እሷ ብቻ አይደለችም፣ ወረፋ የያዘው ሰውዬ ሁሉ ሳቀ። ግን እሷ እየቀለደች አልነበረም፣ ወደዛ እመጣለሁ።

ቀጥታ በረራ ያልበዛበት ምክንያት አንዱ የሰው ቁጥር ነው፣ ኢቃሉዊት 7 ሺህ ምናምን ሰው፣ ኑክ 20 ሺህ አካባቢ፣ በየቀኑ አውሮፕላን የሚሞላ ሕዝብ የለም። ሁለተኛው ግን እኔ የምወደው ምክንያት ነው፣ ማኮብኮቢያ። ኑክ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበራት ማኮብኮቢያ 930 ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የማትሞላ! እዛ ላይ ጄት አያርፍም። ስለዚህ የሀገሪቱ ዋና ከተማ ሆና ሳለ ከዴንማርክ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ካንገርሉስዋክ የሚባል ቦታ ያርፋል፣ ከኑክ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ከዛ በዳሽ 8 ወደ ኑክ። ካንገርሉስዋክ ከተማ ሆና አይደለም፣ ጥቂት መቶ ሰው ነው ያላት። ግን በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሰሩባት፣ የረዥም ፊዮርድ (ተራራ መሀል የገባ ጠባብ ባሕር) መጨረሻ ላይ ስለሆነች አየሩ የተረጋጋ ነው፣ ማኮብኮቢያው 2,810 ሜትር ነው፣ በቃ ለዚህ ብላ የሀገር በር ሆና ቀረች። በ1954 የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስ ኤ ኤስ ከኮፐንሃገን ሎስ አንጀለስ በዋልታው በኩል መብረር ሲጀምር ነዳጅ የሚቀዳው እዛች ቦታ ነበር።

ኢቃሉዊትም ያው ናት። ኤርፖርቷን የሰሩት አሜሪካኖች ናቸው በ1942ና 43፣ ለጦርነቱ፣ ከተማዋ ከኤርፖርቱ በኋላ ነው የመጣችው ማለት ይቻላል። ኮዷ ዛሬም ዋይ ኤፍ ቢ ነው፣ በድሮ ስሟ በፍሮቢሸር ቤይ። ለዚህች ሚጢጢ ከተማ ማኮብኮቢያዋ 2,600 ሜትር ይዘልቃል፣ ስለዚህ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ብርድ ይችሉ እንደሆን የሚፈተኑት እዛ ነው፣ ኤርባስ በየካቲት 2006 ያንን ባለ ሁለት ፎቁን ኤ380 ወስዶ እዛ ብርድ ላይ አሳድሮ ሞክሮታል። አስቡት፣ 800 ሰው ሊጭን የሚችል አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ፣ ማዶ ላለው ጎረቤት ግን 37 ወንበር በሳምንት አንዴ።

ከዛ ኅዳር 28 ቀን 2024 (ይሄም በፈረንጅ) ኑክ አዲሱን ኤርፖርት ከፈተች፣ 2,200 ሜትር ማኮብኮቢያ። በዛው ቀን ከኮፐንሃገን ትልቁ ኤ330 ቀጥ ብሎ ኑክ አረፈ። በ2025 በጋ ደሞ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ከኒውዮርክ አጠገብ ካለችው ኒውአርክ ቀጥታ ጀመረ። ካንገርሉስዋክ በአንድ ቀን ከሀገር በርነት ወረደች። አንድም ተራራ አልተንቀሳቀሰም፣ ኮንክሪት ነው የተጨመረው።

እኛስ ይሄን ታሪክ እናውቀው የለ? አሮጌው ኤርፖርት ሰፈር ለምን አሮጌው ኤርፖርት ተባለ? ልደታ ነበራ ኤርፖርቱ። ጄት ሊመጣ ሲል፣ ቦይንግ 720፣ ልደታ ማኮብኮቢያው አልበቃ አለ፣ ቦሌ ተሰራ። እኛ ደሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ክንፉ የሚይዘው አየር ስለሚያንሰው ብዙ ሮጦ ነው የሚነሳው፣ ለዚህ ነው የቦሌው 4 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ኑክና ኢቃሉዊት ግን ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይሉም፣ አየሩ ደሞ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ ዳሽ 8 በ930 ሜትር ቀልጠፍ ብሎ ይነሳል። ብርድ ለሰው ክፉ ነው፣ ለክንፍ ግን ጥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአርክቲክ ሰው ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ ወደ ደቡብ መውረድ አለበት፣ ምክንያቱም መስመሩ ሁሉ የተዘረጋው ከዋና ከተማና ከገንዘብ ወደ ዳር ነው እንጂ ከዳር ወደ ዳር አይደለም። ካናዳ ሰሜኗን ከኦታዋና ከሞንትሪያል ጋር አስተሳሰረች፣ ዴንማርክ ግሪንላንድን ከኮፐንሃገን ጋር፣ ባሕሩ ማዶና ማዶ ያሉት ዘመዳሞች መሀል ላይ ክፍተት ቀረ። ይሄን ስሰማ "ወይ ጉድ" ብዬ ፈረንጁን ልታዘብ ስል የራሳችን ሰሜን ትዝ አለኝ። ከጎንደር መቀሌ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከዞራችሁ ግን ጎንደር አዲስ አበባ 420፣ አዲስ አበባ መቀሌ 500፣ ከ900 በላይ። ከጎንደር ላሊበላ 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቦሌ ከዞረ 750። የድሮ ሰዎች፣ ዳኮታ በሚባለው አሮጌ ባለ ፕሮፔለር ዘመን የበረሩት፣ ባሕር ዳር ጎንደር ላሊበላ አክሱም እየተባለ እንደ አውቶቡስ እያረፉ የሚሄዱበትን ዙር ያስታውሳሉ፣ ቱሪስቱም በዛ ነው ያበደው። ዙሩ አዝጋሚ ነበር፣ ግን ዳርን ከዳር ያገናኝ ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ይሄ አይታየውም። ለምን ይታየዋል? ሁሉም መስመር ከኛ ነው የሚነሳው። ለኛ ሁሉም ቦታ አንድ በረራ ነው፣ ኮኔክሽን የሚባል ነገር የሌላ ሰው ችግር ነው። ከጅማ ተነስቶ አርባ ምንጭ ሰርግ የሚሄድ ደንበኛ ሲመጣብኝ ነው የሚገባኝ፣ ሰውዬው ቦሌ ውስጥ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የሰርጉን ምሳ በስልክ ፎቶ ሲያይ።

መቀሌን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በጦርነቱ ጊዜ ያ 500 ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር አልጨመረም፣ ግን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሰው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 (ይሄ በኛ ነው) በረራው እንደገና ሲጀምር ሰው ኤርፖርት ላይ እየተቃቀፈ ሲያለቅስ ያያችሁትን ቪዲዮ አስታውሱ። ርቀት የሚያሰላ ዌብሳይት በነዛ ወራት ሁሉ "1 ሰዓት ምናምን" እያለ ነበር የሚመልሰው።

ፍትሐዊ ለመሆን ማዕከል መሆን ለአፍሪካ የሰራው ስራም አለ። ድሮ ከምሥራቅ አፍሪካ ምዕራብ አፍሪካ ለመሄድ ወደ አውሮፓ ወጥቶ መመለስ ነበር የተለመደው፣ ልክ እንደ ኢቃሉዊትና ኑክ። የኛ አየር መንገድ በ1960 በካርቱም በኩል አክራና ሞንሮቪያ መብረር ሲጀምር ያንን ዙር የቆረጠው እሱ ነው። ስለዚህ ማዕከል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔም እንጀራዬ ነው፣ ማዕከሉ የት ተቀምጦ ማን ይዞራል ነው ጥያቄው።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት መልስ በአጭሩ እንዲህ ነበር፣ ቀጥታው ካለ በበጋ ሂድ፣ መሄጃውን ከመመለሻው ጋር ሳምንት አርቀህ ያዝ፣ መመለሻህ ማግስት ስራ ልግባ እንዳትል፣ ምክንያቱም ኑክ ጭጋግ ሲወርድባት አውሮፕላኑ ዞሮ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ወይ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል፣ እዛ አካባቢ ቲኬት ላይ የተጻፈ ሰዓት ተስፋ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። እሱም "ይሄንንማ እኔ ታክሲ ላይ በየቀኑ የማያቸው ናቸው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ሄደው ሻንጣቸውን ይዘው የሚመለሱ" አለኝ።

አሁን ወደ እቴቴ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣች። "እኔስ ከዚህ ኑክ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። ለሷ ብዬ ሲስተሙ ላይ ቁጭ አልኩ። የኛ አየር መንገድ ኮፐንሃገን ይሄዳል፣ 5,700 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከኮፐንሃገን ኑክ ደሞ አሁን ቀጥታ ነው፣ 3,500። ድምሩ 9,200። እና እየደመርኩ ሳለ ሳቄ መጣ። ልጇ ማዶ 820 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ቀጥታው በሌለበት ወራት 8,000 ኪሎ ሜትር ዞሮ፣ ኦታዋ ቶሮንቶ አይስላንድ ሶስት ቦታ አውሮፕላን ቀይሮ ነው የሚደርሰው። እናቱ ከአራት ኪሎ ተነስታ ኮፐንሃገን ላይ አንዴ ትቀይርና ትደርሳለች። አየር ላይ የሚቆዩበት ሰዓት ሲደመር ብዙም አይበላለጥም፣ በሻንጣ መጎተት ግን እሷ ታሸንፈዋለች። የምድር ወገብ አጠገብ ያለች እናት ማዶ ካለው ልጇ እኩል ለግሪንላንድ ቅርብ ናት። ስነግራት "እሱ ሰነፍ ነው ድሮም" ብላ ጨረሰችው።

የሚያስቸግራት መንገዱ ሳይሆን ቪዛው ነው፣ ይሄን ደሞ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጻፈው። ልጁ የካናዳ ፓስፖርት ስላለው ለአጭር ጉብኝት ዝም ብሎ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ግሪንላንድ የዴንማርክ ግዛት ሆና ሳለ የሼንገን አካል አይደለችም፣ ስለዚህ ተራ የሼንገን ቪዛ ይዛችሁ ኮፐንሃገን ትገባላችሁ እንጂ ኑክ አትገቡም። ስታመለክቱ ገና ከመጀመሪያው ግሪንላንድ እንደምትሄዱ መጻፍ አለባችሁ፣ ቪዛው ላይም ለግሪንላንድ ያገለግላል የሚል መጻፉን ሳታረጋግጡ ትኬት እንዳትቆርጡ። እኔም ለእቴቴ እስካሁን ቦታ ይዤላታለሁ እንጂ አልቆረጥኩም፣ ፎርሙን ሞልተናል፣ የባንክ ስቴትመንቱን ልጇ ከኢቃሉዊት ይላክ ብለን እየጠበቅን ነው፣ እሱ ደሞ እዛ ሲመሽበት እዚህ ሌሊት ነው፣ እኛ ስራ ስንገባ እሱ ተኝቷል፣ በየቀኑ እንተላለፋለን።